ሙቀቱን ሳትጽፉ የፕሮቲን መድኃኒት ውጤት አትንገሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ መድኃኒት ጥራት ምርመራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ፣ የላብራቶሪ ሥራ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ፎቶ ተለጥፎ ነው የሚያልቀው፣ እናንተ ግን ቢያንስ ማሽኑ ምን እንደሚባል ጽፋችኋል። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ኢንሱሊን (እሱም ፕሮቲን ነው) «በኤችፒኤልሲ ተመርምሮ»፣ ማለትም በፈሳሽ እየገፋ ንጥረ ነገሮችን በሚለየው ማሽን፣ ይሄን ያህል ፐርሰንት ሆነ ብላችሁ አለፋችሁ፣ አንባቢውም ቁጥሯን ይዞ ወይ ፈርቶ ወይ ተደስቶ ቀረ፣ ምርመራው በስንት ዲግሪ እንደተሠራ ግን የትም ቦታ የለም። ምናልባት ተራ ነገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የፕሮቲን መድኃኒት የሚመረመርበት ላብ (ላብራቶሪ) ነው የምሠራው፣ ትምህርቴን የጀመርኩት ግን አዲስ አበባ ነው፣ ሁለቱንም ሁኔታ ስለማውቀው ነው የምጽፍላችሁ። ነገሩ ፕሮቲን ከሆነ ሙቀቱ ያልተጻፈበት ውጤት ግማሽ ውጤት ነው፣ አንዳንዴ ግማሽም አይሞላም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ትንሽ ታገሱኝ።

ማሽኑ ውስጥ ዋናው ነገር ኮለም የሚባለው ነው። ከብረት የተሠራ ቀጭን ቱቦ ነው፣ ርዝመቱ 15 ወይ 25 ሴንቲ፣ የውስጡ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 4.6 ሚሊ ሜትር፣ በጣም ደቃቅ የሲሊካ ድቡልቡሎች ተጠቅጥቀውበታል። ሲሊካው በራሱ ውሃ ይወዳል፣ ሪቨርስድ ፌዝ በሚባለው ዓይነት ግን ላዩ ላይ ዘይት መሰል የካርቦን ሰንሰለት ይተከልበታል፣ 18 ካርቦን ከሆነ ሲ18፣ 8 ከሆነ ሲ8፣ 4 ከሆነ ሲ4 እንላለን። ፓምፑ በዚህ ቱቦ ውስጥ ውሃና አሴቶናይትራይል የሚባል ፈሳሽ ቀላቅሎ ይገፋል፣ ትንሽ አሲድም ይጨመርበታል፣ ለፕሮቲን በብዛት 0.1 ፐርሰንት ቲኤፍኤ የሚባል ጠንካራ አሲድ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 2 ገደማ ይወርዳል። ውሃ የሚጠላ ሞለኪውል ዘይቱ ላይ ይለጠፋል፣ አሴቶናይትራይሉ እየበዛ ሲሄድ ደሞ ይለቃል፣ ለቆ ሲወጣ ዲቴክተሩ ያየውና ስክሪኑ ላይ ጉብ ያለች ነገር ትወጣለች፣ ፒክ የምንላት እሷን ነው። በስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደወጣች ምንነቷን ይጠቁመናል፣ ከሥሯ የሚሸፈነው ቦታ ስፋት ደሞ መጠኑን።

እስከዚህ ድረስ ለፓራሲታሞልም ለኢንሱሊንም አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው አለቃቀቁ ላይ ነው። እንደ ፓራሲታሞል ያለ ትንሽ ሞለኪውል ይለጠፋል ይለቃል፣ ይለጠፋል ይለቃል፣ እንዲህ እያለ ኮለሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄደዋል። ፕሮቲን ግን በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ ነው የሚለጠፈው፣ ከአንድ የተወሰነ የአሴቶናይትራይል መጠን በታች ከሆነ ጭራሽ አይነቃነቅም፣ ያቺን መጠን እንዳለፈ ደሞ ተነስቶ ይፈተለካል። ሎይድ ስናይደር የሚባለው አሜሪካዊ ኬሚስት ከባልደረቦቹ ጋር ይሄን ነገር በአንድ ቁጥር አስቀምጦታል፣ ኤስ ይሉታል፣ አሴቶናይትራይሉ ሲጨምር ሞለኪውሉ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚለቅ የሚናገር ነው፣ በግምት የሞለኪውሉ ክብደት ስኩዌር ሩት ሲባዛ በ0.25 ነው። ለትንሽ መድኃኒት 4 አካባቢ ይሆናል፣ 5808 ለሚመዝነው ኢንሱሊን 19 አካባቢ፣ 150,000 ለሚመዝን አንቲቦዲ (በጣም ትልቅ የሆነ የፕሮቲን ዓይነት) ደሞ ወደ 100 ይጠጋል። ይሄ በተግባር ሲታይ አሴቶናይትራይሉ በ1 ፐርሰንት ብቻ ሲጨምር ኮለሙ ትንሹን መድኃኒት የመያዝ ጉልበቱ ወደ 10 ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ የኢንሱሊኑ ሲሶ ያህል ይቀንሳል፣ የአንቲቦዲው ግን ወደ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ይወርዳል። ስለዚ ፕሮቲን ላይ ትንሽ የምትመስል ለውጥ ትንሽ አይደለችም።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ።

ለትንንሽ ሞለኪውሎች ነገሩ ቀላል ነው፣ ኮለሙ 1 ዲግሪ ሲሞቅ የመያዝ ጉልበቱ ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ ማለትም ሲሞቅ ቶሎ ይወጣሉ ሲቀዘቅዝ ይዘገያሉ፣ ሎጋሪዝሙን ከሙቀቱ ግልባጭ ጋር ብትስሉት ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚወጣው፣ ኬሚስትሪ የተማረ ሰው የቫንት ሆፍ መስመር ብሎ ያውቀዋል። የኮለም ኦቨን፣ ማለትም ኮለሙን በአንድ ሙቀት የሚይዝ ምድጃ፣ የሌለው ላብ ጠዋት በብርድ ጀምሮ ከሰዓት ክፍሉ በ10 ዲግሪ ቢሞቅበት ፒኳ ትንቀሳቀሳለች፣ ያው ስታንዳርዱም (ለማወዳደሪያ የሚገባው የታወቀ ናሙና) አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ባለሙያው ያውቃታል፣ ትንሽ ይነጫነጭና ያልፈዋል። ብዙ ላቦች ኦቨኑን እንደ ቅንጦት የሚያዩት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል፣ በአሞክሲሲሊንና በፓራሲታሞል ለምደው ነው።

ፕሮቲን ግን ቅርጽ አለው። እስኪ በደንብ የተሰፋ ካፖርት አስቡ፣ ላዩ ሌላ ጨርቅ ገበሩ ሌላ ጨርቅ ነው። የፕሮቲንም ገበር ወደ ውስጥ ነው ያለው፣ ሉሲን፣ ቫሊን፣ ፌኒልአላኒን የሚባሉት ውሃ የሚጠሉ አሚኖ አሲዶች በብዛት ወደ ውስጥ ተጣጥፈው ነው የሚቀመጡት፣ ውሃ የሚወዱት ወደ ውጭ ይሆናሉ። ሙቀት ሲጨምር መታጠፊያው ይላላል፣ ገበሩ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የወጣው ገበር ደሞ ኮለሙ ላይ ካለው ዘይት ጋር ይጣበቃል። ስለዚ ትንንሾቹ ሲሞቁ ቶሎ ሲወጡ ፕሮቲኑ በተወሰነ የሙቀት ክልል ውስጥ ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል፣ ሲሞቅ ይዘገያል! ከዛ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ካለቀ በኋላ ደሞ ሙቀቱን ስትጨምሩ እንደሌላው ሰው ቶሎ መውጣት ይጀምራል። ቀጥ ያለ የነበረው መስመር እዚህ ጋ ይጎብጣል። ሁለት ነጥብ ለክታችሁ ሦስተኛውን መገመት አትችሉም።

ይሄ ገና ቀላሉ ነው። የበለጠ የሚያስቸግረው፣ መፈታቱ ጊዜ የሚወስድ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቦስተን ውስጥ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ባሪ ካርገርና አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ይሄን በፓፓይንና በራይቦኑክሊዬዝ ኤ ላይ ጥርት አድርገው አሳይተዋል። ፓፓይን ከፓፓያ የሚገኝ ኢንዛይም ነው፣ ራይቦኑክሊዬዝ ኤ ደሞ ከከብት ቆሽት፣ 124 አሚኖ አሲድ ያለው ጠንካራ ፕሮቲን። አንድ ንጹህ ፕሮቲን ወደ ማሽኑ ኢንጀክት ተደርጎ ሁለት ፒክ ይወጣል። ፓፓይን ላይ ቀድሞ የሚወጣው ፒክ ተሰብስቦ ሲታይ ሥራውን መሥራት የሚችል ኢንዛይም ነው፣ ዘግይቶ የሚወጣው ግን የተፈታውና ሥራ ያቆመው ነው። ፕሮቲኑን ኮለሙ ላይ ትንሽ አቆይተው ሲያስወጡት የመጀመሪያው ፒክ እያነሰ ሁለተኛው እያደገ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር የሚፈታው ጠርሙሱ ውስጥ ሳይሆን እዛው ኮለሙ ላይ ነው፣ ዘይቱ ራሱ ነው የሚፈታው፣ አሲዱም አሴቶናይትራይሉም ያግዙታል። ራይቦኑክሊዬዝ ኤ ገለልተኛ በሆነ ውሃ ውስጥ እስከ 60 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ቅርጹን ይዞ መቆየት የሚችል ነገር ነው፣ ፒኤች 2 ላይ ሲሆን ግን ከዛ በጣም ባነሰ ሙቀት ይፈታል፣ ዘይቱ ላይ ሲለጠፍ ደሞ ከዛም ይብሳል።

እንግዲህ ጥያቄው ይፈታል ወይስ አይፈታም አይደለም፣ ለመፈታት የሚፈጅበት ጊዜ ኮለሙ ውስጥ ከሚቆይበት ጊዜ ጋር ሲወዳደር ስንት ነው የሚለው ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ መፈታቱ ቀስ ይላል፣ ቶሎ ካስወጣችሁት ብዙው ሳይፈታ ይወጣል። በደንብ ሞቃት ከሆነ ሁሉም ወዲያው ይፈታል፣ አንድ ቀጭን ቆንጆ ፒክ ይወጣል። ችግር ያለው መሀል ላይ ነው፣ መፈታቱም ደቂቃዎች፣ ራኑም (አንዱ የምርመራ ዙር) ደቂቃዎች ሲፈጁ ግማሹ ተፈትቶ ግማሹ ሳይፈታ እየተጎተተ ይወጣል፣ ሁለት ፒክ መሀላቸው ኮርቻ መሳይ ነገር፣ ወይ ደሞ አንድ ወፍራም ቅርጹ የጠፋ ጉብታ። ክሮማቶግራሙን፣ ማለትም ፒኮቹ የሚታዩበትን ሥዕል፣ ያየ ሰው ምን ይላል? «ቆሻሻ አለበት» ይላል። መድኃኒቱ ግን ንጹህ ነው፣ አንዱ ሞለኪውል ነው በሁለት ቅርጽ የታየው።

ይሄ ነው እንግዲህ ለጋዜጣ የሚያገባው ነገር። ኮለሙ በትክክለኛው ሙቀት ላይ ስላልነበረ ብቻ ደህና መድኃኒት «ከደረጃ በታች» ሊባል ይችላል። ተቃራኒውም አለ፣ ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ወይ በታች ሲሆን እውነተኛው ቆሻሻ ከዋናው ፒክ ጋር ተደርቦ ሊወጣና ሊደበቅ ይችላል፣ ያኔ የተበላሸው «ጥሩ ነው» ተብሎ ያልፋል። የትኛው እንደሚከፋ እናንተው ፍረዱ።

ኢንሱሊኑን እንውሰድ፣ የጻፋችሁት ስለሱ ስለሆነ። ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው ያለው፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ኤ እና ቢ። ከሌሎቹ ፕሮቲኖች ጋር ሲታይ ትንሽ ነው፣ ጠባዩም ደህና ነው፣ እንደ ፓፓይን አያስቸግርም፣ ይሄን በግልጽ መናገር አለብኝ ነገሩን እንዳላጋንን። የአሜሪካው ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት ደረጃ መጽሐፍ) ለኢንሱሊን ያስቀመጠው ሜተድ ሲ18 ኮለም፣ ሶዲየም ሰልፌት በፎስፎሪክ አሲድ ፒኤቹ 2.3 ተደርጎ ከአሴቶናይትራይል ጋር፣ ዲቴክተሩ የሚያይበት ብርሃን 214 ናኖሜትር፣ የኮለሙ ሙቀት 40 ዲግሪ ነው። 40 የተጻፈው ለጌጥ አይደለም። እዛ ሜተድ ላይ ማሽኑ ሥራውን በትክክል እየሠራ መሆኑ የሚታወቀው ኢንሱሊኑን ከኤ21 ዴስአሚዶ ኢንሱሊን መለየት ሲችል ነው። ይሄ ዴስአሚዶ የሚባለው ኢንሱሊኑ አሲድ ውስጥ ሲቆይ የሚፈጠር ነው፣ የኤ ሰንሰለት 21ኛው ቦታ ላይ ያለው አስፓራጅን ወደ አስፓርቲክ አሲድ ሲቀየር፣ ከ5808ቱ ክብደት ላይ የሚቀየረው 1 ብቻ ነው። ሁለቱ ፒኮች ጎን ለጎን ነው የሚወጡት፣ መሀላቸው ያለው ክፍተት በሬዞሉሽን (የፒኮች መለያየት መለኪያ) ቢያንስ 2.0 መሆን አለበት። ኦቨኑ ጠፍቶ ኮለሙ በክፍሉ ሙቀት ላይ ከሆነ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ፣ ግን እኩል አይንቀሳቀሱም፣ ክፍተቱም ይለወጣል። እንዲህ ያለ ጥቃቅን ልዩነት የምታይ ማሽን ላይ ሙቀቱን ለአየሩ መተው ምን ይባላል?

የእድገት ሆርሞኑ፣ ሶማትሮፒን የሚባለው፣ ከኢንሱሊንም ይብሳል። የአውሮፓው ፋርማኮፒያ ለሱ ሲ4 ኮለም፣ አሴቶናይትራይል ሳይሆን ፕሮፓኖል፣ አሲድ ሳይሆን ፒኤች 7.5፣ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ብሎ ነው ያስቀመጠው። ግራዲየንት የለውም፣ የፈሳሹ ድብልቅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ነው። ያ ማለት ፕሮቲኑ የሚለቀው በድብልቁና በሙቀቱ ልክ መግጠም ብቻ ነው፣ ይሄን ሜተድ ያለ ጥሩ ኦቨን ልሥራ የሚል ሰው ካለ እግዜር ይርዳው።

አሁን አንባቢ የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ እየተባለ እናንተ ላብ ውስጥ 40 ዲግሪ ላይ ታደርጉታላችሁ እንዴ ይለኛል። እናቴም ስልክ ላይ ይሄንኑ ጠይቃኛለች። የጠርሙሱ ሙቀትና የኮለሙ ሙቀት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ጠርሙሱ ውስጥ የምንፈራው ሳምንታትና ወራት የሚፈጅ መበላሸት ነው። ኮለሙ ውስጥ የሚቆየው በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ነው፣ ከወጣ በኋላም ወደ ቆሻሻ መያዣ ነው የሚሄደው፣ ለማንም አይወጋም። ደሞ ያላለቀው ሳምፕል ተራውን የሚጠብቅበት ትሪ 5 ዲግሪ አካባቢ ቀዝቅዞ ነው የሚቀመጠው፣ ሙቁ ኮለሙ ብቻ ነው። አንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ፍሪጅና ምድጃ አለ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ግን ጽሑፋችሁ ውስጥ የተሳሳተ የመሰለኝ ነገር አለ፣ ኢንሱሊኑ «ፀሐይ መትቶት እንደሆነ» በዚሁ ማሽን ይታወቃል የሚል ነገር አለበት። በከፊል ነው እውነቱ። ሪቨርስድ ፌዝ ፕሮቲኑን ራሱ ነው የሚፈታው ብያለሁ፣ አሲድ ውስጥ ከቶ፣ ዘይት ላይ ለጥፎ፣ አሙቆ። ስለዚ ፕሮቲኑ ከምን እንደተሠራ፣ የትኛው አሚኖ አሲድ እንደተቀየረ በደንብ ይነግራችኋል፣ ቀድሞ ቅርጹ ተበላሽቶ እንደነበር ግን ብዙ ጊዜ አይነግራችሁም፣ ምክንያቱም ደህና የነበረውንም ያበላሸዋል። ሙቀት የመታው ኢንሱሊን እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ይሄን የሚያየው በመጠን የሚለየው ሌላው ክሮማቶግራፊ ነው፣ ሳይዝ ኤክስክሉዥን የሚባለው፣ ፋርማኮፒያውም ለዚህ ለብቻው ምርመራ አስቀምጧል። ተጣብቆ ዝቃጭ የሆነው ደሞ ኢንጀክት ከመደረጉ በፊት ፊልተር ላይ ይቀርና ሪቨርስድ ፌዙ ላይ መጠኑ ያነሰ ብቻ ሆኖ ይታያል፣ ፋብሪካው ያጎደለ ይመስላል። ጥፋቱ ግን የመጋዘኑ ወይ የመኪናው ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ምርመራዎች አንድ ላይ ካልታዩ ተጠያቂውን አታገኙትም።

ስለ ትልልቆቹ ፕሮቲኖች ደሞ ትንሽ ልበል፣ የእለት እንጀራዬ ናቸውና። ሞኖክሎናል አንቲቦዲ የሚባሉት፣ ለካንሰርና ለሌላም የሚሰጡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ለጡት ካንሰር የሚሆነውን የትራስቱዙማብን የመጀመሪያ ባዮሲሚላር (ተመሳሳይ ቅጂ መድኃኒት) ፕሪኳሊፋይ አድርጓል፣ ማለትም ጥራቱን አይቶ አጽድቋል፣ እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች ርካሽ እየሆኑ ሲመጡ የኛም አገር ላቦች ዛሬ ባይሆን ነገ ይመረምሯቸዋል። አንቲቦዲን እንደ ኢንሱሊን 40 ዲግሪ ላይ ሪቨርስድ ፌዝ ልሥራው ብትሉ ፒኩ ይወፍራል፣ የተወሰነው ደሞ ጭራሽ አይወጣም፣ ኮለሙ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። የቀረው የት ይሄዳል? ቀጥሎ ባዶ ውሃ ኢንጀክት ስታደርጉ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ፒክ ሆኖ ብቅ ይላል። የሚቀጥለው ሰውዬ ሳምፕል ላይ ቢወጣስ? ለዛ ነው አብዛኛው ሰው ከ70 እስከ 80 ዲግሪ፣ አንዳንዱም 90 ላይ የሚሠራው። በዚህ ሙቀት አንቲቦዲው ሙሉ በሙሉ ይፈታል፣ ይለቃል፣ ፒኩ ይቀጥናል፣ ከኮለሙ የሚወጣው መጠንም ይሻሻላል።

ሙቀቱ ሌላም ጥቅም አለው፣ ፈሳሹ ይቀጥናል። ውሃ 25 ዲግሪ ላይ ቪስኮሲቲው (ውፍረቱ) 0.89 ሚሊፓስካል ሰከንድ ነው፣ 60 ላይ 0.47 ይሆናል፣ ፓምፑ ይተነፍሳል፣ ፕሮቲኑም በየድቡልቡሉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ለመውጣት ያለው ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ይሆናል። አንቲቦዲ ከትንሽ መድኃኒት ጋር ሲተያይ ሃያ እጥፍ ያህል ቀርፋፋ ስለሆነ ይሄ ፍጥነት በጣም ነው የሚያስፈልገው። ቀዳዳውም ቢያንስ 300 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው) መሆን አለበት፣ ለፓራሲታሞል የተገዛው የ100 አንግስትሮም ኮለም ላይ አንቲቦዲ ብታስገቡ ሙቀቱን የፈለጋችሁትን ብታደርጉ አይረዳችሁም።

ግን ሁሉም ነገር ልክ አለው፣ እዚህ ጋ ከአንዳንድ የሙያ ጓደኞቼ ጋር አንስማማም። ፒኩ እንዲያምር ብለው ዝም ብለው 90 ዲግሪ ላይ የሚሰቅሉ አሉ። ፒኤች 2 እና 90 ዲግሪ አንድ ላይ ለፕሮቲን ጥሩ ቦታ አይደለም፣ አስፓርቲክ አሲድና ፕሮሊን ጎን ለጎን የገጠሙበት ቦታ በአሲድና በሙቀት ይቆረጣል፣ ያ የተቆረጠው ቁራጭ ፒክ ሆኖ ይወጣና መድኃኒቱ ውስጥ የነበረ ይመስላል፣ የሠራው ግን ኮለሙ ነው። ሲሊካው ላይ የተተከለው ካርቦንም በአሲድና በሙቀት እየተቆረጠ ይታጠባል፣ ዛሬ የወጣበት ደቂቃና ከወር በኋላ የሚወጣበት ደቂቃ ይለያያል። ተራ ሲ18 ኮለም ከ60 ዲግሪ በላይ ባታስኬዱት ይሻላል፣ ለከፍተኛ ሙቀት ተብለው የተሠሩ ኮለሞች አሉ፣ ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ ነው። የኔ ሐሳብ፣ ፕሮቲኑ ሙሉ በሙሉ ለቆ የሚወጣበትን ዝቅተኛውን ሙቀት ፈልጉና እዛው ላይ ቁሙ፣ ራኑንም አሳጥሩት።

አገር ቤት ላሉት ደሞ ከመጽሐፍ የማይገኝ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት ሩብ ያህል ነው፣ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አሴቶናይትራይል ባሕር ዳርቻ ላይ 82 ዲግሪ ነው የሚፈላው፣ አዲስ አበባ ላይ ከዛ ያንሳል። ኮለሙ ውስጥ ግፊት ስላለ ምንም አይሆንም፣ 80 ዲግሪ ላይ ሆኖ ከኮለሙ ወጥቶ ወደ ዲቴክተሩ ሲሄድ ግን ግፊቱ ይለቀዋል፣ አረፋ ይሠራል፣ መስመሩም እንደ መጋዝ ጥርስ ይንቀጠቀጣል። ቦስተን ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ሜተድ አራት ኪሎ ላይ ሊያስቸግር የሚችለው በዚህ ነው፣ ከዲቴክተሩ በፊት ማቀዝቀዣ፣ ከዲቴክተሩ በኋላ ደሞ ትንሽ ግፊት የሚይዝ ቀጭን ቱቦ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ዲቴክተሩ የሚችለውን ግፊት ሳያልፉ።

ኦቨኑ 60 ይላል ማለት ኮለሙ ውስጥ 60 ነው ማለትም አይደለም። ከጠርሙሱ የሚመጣው ፈሳሽ ቀዝቃዛ ነው፣ ሳይሞቅ ኮለሙ ውስጥ ከገባ መሀሉ ቀዝቃዛ ጠርዙ ሙቅ ይሆናል፣ ጠርዝ ያለው ፕሮቲን ይቀድማል፣ መሀል ያለው ይቀራል፣ ፒኩ ይዛባል ወይ ይሰነጠቃል። ይሄም «ቆሻሻ አለበት» ያስብላል። መፍትሄው ፈሳሹ ኮለሙ ጋ ከመድረሱ በፊት ኦቨኑ ውስጥ የሚዞርበት ትንሽ የብረት ቱቦ ነው፣ ዋጋው ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፣ በልገሳ የመጡ ማሽኖች ላይ ግን ሲጎድል አይቻለሁ፣ ኦቨኑ ራሱ የጎደለበትም አለ። መብራት ሲጠፋ ደሞ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ፓምፑንና ኮምፒውተሩን ይዞ ኦቨኑን የሚጥልበት ላብ አውቃለሁ፣ ኦቨኑ ብዙ ኃይል ስለሚበላ ሆን ተብሎ ነው ከዩፒኤሱ የተነቀለው። ራኑ አልተቋረጠም፣ ፋይሉም አለ፣ ውጤቱም ይወጣል፣ ሙቀቱ ግን በመሀል ወርዷል። ኮምፒውተሩ የኦቨኑን ሙቀት አብሮ የማይመዘግብ ከሆነ ማንም አያውቅም።

እና የምጠይቃችሁ ይሄ ነው። ዘጋቢያችሁ እንደገና ላብ ሲሄድ፣ መድኃኒቱ ፕሮቲን ከሆነ፣ ኮለሙ በስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ያ ዲግሪ ከፋርማኮፒያው ጋር አንድ መሆኑን፣ ከሳምፕሉ በኋላ ባዶ ኢንጀክት ተደርጎ ምን እንደታየ ይጠይቅ። ሁለት ፒክ ወጣ ከተባለ ደሞ ሙቀቱን ቀይረው ደግመውት እንደሆነ ይጠይቅ፣ ሁለት የተለያዩ ሞለኪውሎች ከሆኑ ሙቀቱ ሲጨምርም ሁለት ሆነው የመቅረት ዕድላቸው ሰፊ ነው፣ አንድ ሞለኪውል በሁለት ቅርጽ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ይሰበሰባሉ። የላቡ ሰዎች በጥያቄው ይናደዳሉ ብላችሁ አታስቡ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቃቸው ስለሌለ ደስ ነው የሚላቸው፣ ሻይ ሁሉ ይጋብዟችኋል። ባለፈው ያወጣችሁት ቁጥርም በስንት ዲግሪ እንደተገኘ አሁንም ጠይቃችሁ ብታወጡት ጥሩ ነው፣ ኢንሱሊን የሚወጉ አንባቢዎቻችሁ ያቺን ቁጥር ይዘው ፋርማሲ ሄደው እየተከራከሩ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሮቲን መድኃኒት ጥራት መርማሪ፣ ከሜሪላንድ